እናቴ ለምን እንደተሳለች ረሳች

ነገሩ የጀመረው በሽሮ ነው። አንዲት የቆየች ደንበኛችን ፌስታሏን ሽሮው ላይ ወርውራ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ጨው ነው የሸጥሽልኝ?» ስትል አጠገቧ ቆሜ ነበር። የመምህር ሚስት ናት። ባሏ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር ከመጣ ጀምሮ ከእኛ ሌላ ሽሮ ገዝታ አታውቅም።

እናቴ ጣቷን ነከር አድርጋ ቀመሰችው። «ምን ሆነ? እንዲያውም ጨው ያንሰዋል።»

እኔም ቀመስኩት። ተፋሁት።

እናቴ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ላይ፣ ሸዋ በር፣ ምጥን ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች። አባቴ ወታደር ነበር፤ እኔ ትንሽ ሳለሁ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የቆመው በሽሮ ነው፣ ሌላ ነገር የለንም። የሽሮዋ ስም ደግሞ ከግንቡ ውጭም ይታወቃል። ሚዛን አትጠቀምም። ሽምብራው ታጥቦ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ ሲቀርብ ቅመሙን በእፍኟ ታነሳለች፤ ጨውን በእፍኝ፣ በሶብላን በቁንጥር፣ ኮረሪማን በጣቶቿ መሐል እያንሸራተተች። ከዚያ በምላሷ ጫፍ ታረጋግጣለች። በጾም ቀን ከሰዓት በፊት ስለማትቀምስ በአፍንጫዋ ትመዝናለች። «ሲሸት ይነግረኛል» ትላለች። ይኼ ነው የእሷ ሙያ፦ እጅ፣ ምላስ፣ አፍንጫ። ሦስቱም ከድተዋት እሷ አታውቅም ነበር።

ለሴትየዋ ሌላ ሽሮ ሰጠናት። እሱንም መለሰችው። አብሹ በዝቶ መድኃኒት መድኃኒት ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ሁሉ ማየት የጀመርኩት። ምላሷ ያቃጥላታል፤ በርበሬ ነው ትላለች። ቁልፍ ትጥላለች። ያንኑ ጥያቄ ሦስቴ ትጠይቀኛለች፤ ሦስተኛው ላይ ስጮህባት «ምን ያስጮህሻል፣ አንዴ ብጠይቅሽ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በር ከፈትኩላት፤ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ ቆማለች። የሌላው እግሯ ተረከዝ ደምቷል።

«ጫማሽ የታለ?»

«የቱ ጫማ?»

ወደ ታች አየች። እግሩን የሌላ ሰው ይመስል አየችው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ እስከ እኛ ቤት ያለውን የድንጋይ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጫማም ይቆረቁራል።

«እንዴት አልወጋሽም?»

«እኔንጃ። ጥጥ ላይ የምረግጥ ነው የሚመስለኝ» አለች። ይኼን ያለችው ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው።

እንግዲህ እናትሽ ስትታመም ሐረር ውስጥ የሚያጥርሽ ነገር ቢኖር መድኃኒት ነው፤ አስተያየት አይደለም። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ «ዕድሜ ነው» አለ። እናቴ ሃምሳን ገና መሻገሯ ነው። እሱ በአሥር ዓመት ይበልጣታል፤ እሱ ልጅ እያለ የተደረገ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ማን እንዳገባ ይነግርሻል። «ዕድሜ ከሆነ አንተስ ለምን አትረሳም?» ስለው «ባለጌ» አለኝ። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ «ዓይን ነው፤ ሽሮዋን ያዩባት» አሉ። ጸበል ወሰድናት፤ ልቧ ተጽናና፤ እግሯ ግን ያው ጥጥ ላይ ነው።

ጤና ጣቢያም ሄድን። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩና «ደም ማነስ» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ ነጥታ ነበር። ብረትና ፎሊክ አሲድ የሚባል ኪኒን ሰጡን። ምን እንደምትበላ ማንም አልጠየቃት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እሱን እረዳለሁ። አሁንም ግን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል። አንድ ጥያቄ! አንድ!

ኪኒኑ ሠራ። ክፋቱም ይኼ ነው። ሁዳዴ ሳያልቅ ፊቷ ቀላ። መንገድ ላይ ያገኙን ሁሉ «ኧረ ለምልመሻል!» ይሏታል። እሷም ደስ እያላት ትመጣለች፤ ቤት ገብታ ድስቱን ባዶውን ትጥደዋለች። ፊቷ እየቀላ አእምሮዋ እየሸሸ ሄደ። ለሰው ስነግር የሚያምነኝ አጣሁ። «ምነው ሟርተኛ ሆንሽ? እናትሽ እኮ ድናለች» ይሉኛል።

የዚያን ሰሞን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንዴ ከክፍሌ ልጆች ጋር፣ ዓመት ዘልዬ አንዴ በግል። ሦስተኛውን ልሞክር ነበር። በምዝገባው ሰሞን ግን ጠዋት ሽሮ፣ ከሰዓት ጤና ጣቢያ፣ በመሐል የጠፋ ጫማ ፍለጋ ነበርኩ። ሳልመዘገብ አለፈ። ለእናቴ ስነግራት «ይሁን፣ ምን ይደረግ» አለችኝ። በማግስቱ «መቼ ነው የምትመዘገቢው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ፋሲካ ደረሰ። እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን መናገር አለብኝ። ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ሐረሪ ናት፣ ሙስሊም፤ የአክርማ ሞሰብ ትሰፋለች። ከእናቴ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ሥጋ አንለዋወጥም፤ የእነሱ ቢላ የእነሱ ነው፣ የእኛም የእኛ። እንቁላል ግን ቢላ አይነካውም። ስለዚህ ከዱሮ ጀምሮ በሁለቱ ቤት መሐል የሚመላለሰው እንቁላል ነው። በፋሲካ እሷ ከዶሮዎቿ ሥር ሰብስባ ታመጣለች፤ በኢድ እናቴ ታደርሳታለች።

የዚያን ዓመትም አመጣች፤ ቀቅላው ነበር። እናቴ ተቀበለች፣ መረቀች፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺስ?» አለቻት ጎረቤታችን።

«እበላለሁ።»

«አሁን ብዪ! አቦ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስትጾሚ ከርመሽ! አምናም እንዲሁ አልሽኝ። ዋላሂ፣ ዛሬ ሳትበዪ አልሄድም።» አንዱን ልጣ አፏ ድረስ አቀረበችላት። እናቴ ፊቷን አዞረች።

«አልችልም። ስለት አለብኝ።»

እኔ ማኘኬን አቆምኩ። «የምን ስለት?»

«ፍስክ አልነካም ብዬ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል።»

«ምን እስኪሆን ነው?»

አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ የነበረ ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ። ወደ እኔ አየች፣ ወደ ጎረቤታችን አየች፣ ወደ እጇ አየች።

«ጠፋኝ» አለች።

ጎረቤታችን እንቁላሉን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ቢስሚላህ» አለች በሹክሹክታ።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ስትታመም አላለቀሰችም፣ እግሯ ሲደማም አላለቀሰችም። ለምን እንደተሳለች ስትረሳ አለቀሰች።

አንድ ቤት እየኖርሽ እንዴት አላወቅሽም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ እናታችሁ ስትበላ አይታችኋል? የእኔ እናት አቅርባ፣ አጉርሳ፣ ሰው ሁሉ እጁን ከታጠበ በኋላ ጓዳ ገብታ ነው የምትቀምሰው። ደግሞ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ በፈቃድ የሚጾመው ጽጌ አለ። ዓመቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚጾም ሰው የቀረውንም ሲጾመው በምን ይታወቃል? ዶሮ ወጡን እሷ ናት የምትሠራው። ጨውን ግን «እስቲ ቅመሽልኝ» ትለኝ ነበር። ሙያ ልታስተምረኝ ይመስለኝ ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጎረቤታችን ክንዷን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችን። እናቴ «ድኛለሁ እኮ» እያለች ነው የሄደችው።

የደረሰችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች። እናቴን «እርስዎ» ስትላት እናቴ «ምነው፣ ይህን ያህል አረጀሁብሽ? እዚህ አገር አንቺ ነው የሚባለው» አለቻት። ዶክተሯ ሳቀች፤ ግን «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። ምላሷን አየች፤ ተልጦ ለስልሶ ቀይ ሆኗል። የሚነዝር ብረት መትታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አኖረችው፤ እናቴ ምንም አልተሰማትም። ዓይኗን ጨፍና እንድትቆም አደረገቻት፤ እንደሰከረ ሰው ወደ ጎን ስትሄድ ደግፌ ያዝኳት። ከዚያ፣ እግዜር ይስጣት፣ ጠየቀች።

«እማማ፣ ምን ምን ይመገባሉ?»

«እኔ? በደንብ ነው የምበላው!» እናቴ ኮራ ብላ ተቀመጠች። «ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ። ንጹሕ የጾም ምግብ። ሽሮ እኮ ሥጋን ያስንቃል።»

«እንቁላል ወይም ወተትስ? ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሱት መቼ ነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ጎረቤታችን ዞርኩ። «ሦስተኛ ፋሲካዋ ነው ሳትበላልኝ» አለች እሷ።

ያኔ ነው ቢ አሥራ ሁለት የሚባለውን ነገር የሰማሁት። ባዮሎጂ ላይ ስሙን አልፌበት ይሆናል፤ ለፈተና ያልመጣ ነገር ማን ያስታውሳል። ዶክተሯ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችን። ሽሮው ጥፋት የለበትም፤ ብዙ ነገር አለው። ይኼ አንዱ ቫይታሚን ግን ሽምብራ ውስጥ የለም፣ ምስር ውስጥ የለም፣ ጎመን ውስጥ የለም። የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ወደ እኛ የሚደርሰው በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት በኩል ነው። ሰውነት ሲያገኝ ጉበት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ያስቀመጠው ለዓመታት ሊያቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ጾም የሚጾም ሁሉ የማይታመመው፤ በፍስኩ ቀን ይተካል። የእናቴ ጎተራ ግን ዓመት ከዓመት ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ነርቭ ደግሞ እንደ መብራት ሽቦ ልባስ አለው፤ ቫይታሚኑ ሲያልቅ ልባሱ ይላጣል። መጀመሪያ እግር ይደነዝዛል፣ እጅ ይከተላል፣ ከዚያ ማስታወስ።

«ታዲያ ያ ኪኒንስ? ፊቷ ቀልቶ ነበር እኮ» አልኳት።

«ፎሊክ አሲዱ ደሙን ሊያስተካክለው ይችላል። ነርቩን ግን አያድንም። ደማቸው ሲስተካከል ሁላችሁም ዳኑ ብላችሁ ዝም አላችሁ፤ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ቀጠለ።»

ሁላችንም! እኔ ዝም አላልኩም። ልነግራት ነበር፤ ግን ለማን ይጠቅማል።

«ይመለስላታል?»

«መርፌውን አሁን ከጀመሩ ብዙው ሊመለስ ይችላል። ሁሉም ላይመለስ ይችላል። መዘግየት ነው የሚጎዳው።»

የደም ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚታየው አሉን። ዶክተሯ ውጤቱን ሳትጠብቅ መርፌውን አዘዘች። ማዘዝ ቀላል ነው። ግንቡ ውስጥም ውጭም ያለ መድኃኒት ቤት ሁሉ ገባሁ። አንዱ «አልቋል» ይላል፤ አንዱ «ይመጣል» ይላል፤ አንዱ ሰውዬ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ «ቫይታሚን ለሚሉት ነገር ምን አስቸኮለሽ፣ ፍራፍሬ ስጫት» አለኝ። ፍራፍሬ! ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ የጎረቤታችን ዘመድ ድሬዳዋ አግኝቶ በሚኒባስ ላከልን። ሸዋ በር ቆሜ ከሾፌሩ እጅ ስቀበል ወርቅ የተቀበልኩ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያስ? ነርሷ መርፌውን ስትቀዳ እናቴ ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። መድኃኒቱ ቀይ ነው፤ ቀይ ስል የምር ቀይ።

«ደም ነው!» አለች። «ደም አልወስድም። ስለት አለብኝ።»

«እማዬ፣ ለምን እንደተሳልሽ እንኳ አታውቂም!»

«ባላውቅም አለብኝ።»

ዶክተሯ ተጠርታ መጣች። ደም አለመሆኑን፣ ከእንስሳም እንዳልተወሰደ፣ ፋብሪካ ውስጥ ከተሕዋስያን እንደሚሠራ ነገረቻት። እናቴ አሰበችበት። ትረሳለች፣ ትወድቃለች፤ ክርክር ግን አልጠፋባትም።

«ተሕዋስያኑ ራሳቸው ፍስክ ናቸው ጾም?»

ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ሳቀች። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እማማ፣ የእንጀራ እርሾ ምንድን ነው? እሱም እኮ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። እየተነፈሰ ነው ሊጡን የሚያቦካው። እርሾ የጾም ነው የፍስክ?»

«እርሾማ የጾም ነው» አለች እናቴ። ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን ሰጠች።

እኔ መርፌ እንደዚያ ነው ብዬ ነበር፤ ትወጊያለሽ፣ ትድኛለሽ። የለም። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ እየራቀ። ከመርፌ ስንመለስ በየመንገዱ «እዚህ ቤት ማን ነበር የሚኖረው?» እያልኩ እፈትናት ነበር። እሷ ስትሳሳት እኔ እናደዳለሁ፣ እኔ ስናደድ እሷ ትፈራለች፣ ስትፈራ የባሰ ትረሳለች። ሽሮውን እኔ መመጠን ጀመርኩ። ሰው ገዛን፤ ግን ሁለተኛ አልመለስ አለ። የመምህሩ ሚስት ከሌላ ሰው ስትገዛ አየኋት፤ እንዳላየችኝ ሆነች። አንድ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ስም በአንድ በጋ እንደ ገለባ ሲበን ማየት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? አልነግራችሁም።

የንስሐ አባቷ ቤታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ጉዳዩን አወጣሁት። እናቴ በዓይኗ ስትቆነጥጠኝ አልሰማሁም። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡና ተቆጡ፤ እኔ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ።

«በበዓለ ሃምሳ መጾም ማን ፈቀደልሽ? ቤተ ክርስቲያን አትጹሙ ስትል አንቺ ትጾሚያለሽ? ስለት ስትሳዪስ ለእኔ መንገር አልነበረብሽም? ለበሽተኛ መፍቻ ያለው እኔ ዘንድ ነው!»

«ይፍቱኝ አባ» አለች አንገቷን ደፍታ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ወዲያው ቀና አለች። «ቆይ፣ አይፍቱኝ።»

«ምን?»

«ምን ብዬ እንደተሳልኩ አላውቅም። የሰው ነፍስ አስይዤ ቢሆንስ? የዚችን ልጅ ነፍስ ቢሆንስ? ሳላውቀው ፈትቼው አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ይውጠኛል?»

አባ ጺማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ መርፌው ስለቱን አይነካም፤ እሱን እንዳታቋርጪ። ስታስታውሺ አስጠሪኝ» አሉ።

በሩን በጥርሴ ልነክሰው ነበር። ታዩታላችሁ? የስለቱ መፍቻ ማስታወስ ነው፤ እንዳታስታውስ ያደረጋት ስለቱ ነው። እንዲህ ያለ ቋጠሮ የሚቋጥሩ የእኛ እናቶች ብቻ ናቸው።

ክረምት ገባ። ምላሷ ማቃጠሉን ተወ። አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶባት «ኧረ ይሄ ነገር!» ብላ ስትቆም እኔ መንገድ ላይ ዕልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጥያቄዋ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። ስለቱ ግን አልመጣም። ጓዳ ሆና «የምን ነበር? የምን ነበር?» ስትል እሰማታለሁ።

ፍልሰታ ላይ ነበርን። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘናል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አንዲት ሴትዮ ከኋላ መጥታ ማዳበሪያዋን ከእኛ ፊት ወሸቅ አደረገች። እኔ ደግሞ ለጸብ ምክንያት ስፈልግ የከረምኩ ሰው ነኝ። ተቀጣጠልን። እናቴ ክንዴን ይዛ ሳበችኝ።

«ተያት እቴ! እስክትፈጭ ቁጭ ብለሽ ፈተናሽን አታጠኚም?»

ከዚያ ቆመች። እጇ ክንዴ ላይ ቀረ፣ ዱቄት እንደለበሰ።

«ፈተና» አለች። «ፈተናሽ ነው።»

«ምኑ?»

«ስለቱ! ያንቺ ፈተና ነው! የመጀመሪያውን ልትፈተኚ አውቶቡስ ላይ ስትወጪ፣ አውቶቡሱ ሳይጠፋ፣ ‘ይቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገባልኝ፤ እስክትገባ ፍስክ አፌ አይገባም’ ብዬ።» ፊቷ በራ። ደስታ ብቻ ነበር ፊቷ ላይ፤ የጠፋ ልጅ ያገኘች ትመስላለች። «አስታወስኩት! ተመስገን!»

ያኔ ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ጮህኩ።

«እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ እኮ!»

«ለዚያ ነዋ ያልበላሁት!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ያቺ የተጣላኋት ሴትዮ ሳይቀር ሳቀች።

«ዘንድሮ አልተመዘገብኩም! ፈተናውም አልፏል!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ! ‘ይሁን’ ብለሻል! አንቺን ይዤ ስንከራተት ነው ያለፈኝ! ማን ጠየቀሽ? በአንጎልሽ ክፈዪልኝ ማን አለሽ?»

ሳቁ ቆመ። እናቴ እጇን ከክንዴ አነሳች። ወፍጮው ብቻ ነበር የሚጮኸው። ቀስ ብላ፣ «ሌላ ምን ነበረኝ?» አለች።

ተናድጄ ነበር። ፍቅር ሳይጠይቅ ሲመጣ ዕዳ ነው። የማላውቀውን ዕዳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታስይዝብኝ እኔ ወጧን እየቀመስኩላት ነበር።

ያንኑ ቀን አባ ዘንድ ሄድን። ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ አዩ። «ስለቱ ባንቺ ስም ነው። ምን ትያለሽ?»

«እኔ አልተሳልኩም አባ። ይፍቱላት።»

«ሲፈታ ባዶ አይሆንም፤ ይለወጣል።» ወደ እናቴ ዞሩ። «በሙያሽ እንለውጠው። ለዓመቱ ንግሥ ለነዳያን የሚቀርበውን ሽሮ አንቺ ትመጥኛለሽ። በገዛ እጅሽ። ፍስክም በፍስክ ቀን ትበያለሽ፤ ይኼ ትእዛዝ ነው።»

«ፈተናዋስ አባ? ከዚያ ላይ ቢጨመርበት?»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ። በጸሎት ይሁን።»

ሽሮውን መጠነች። እጇ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የጣቶቿ ጫፍ ዛሬም ደንዝዟል፣ እግሯም ማታ ማታ ይነዝራታል። ዶክተሯ ያ ሊቀር እንደሚችል ነግራናለች፤ መርፌውም ይቀጥላል። ጨው ስታነሳ እፍኟን አታምነውም። «እጅሽን ስጪኝ» ትለኛለች። እኔ እፍኝ አነሳለሁ፣ እሷ ታየዋለች፤ «ቀንሺ፣ ቀንሺ፣ በቃ» ትላለች። ከዚህ ቤት ለመውጣት ሦስት ዓመት ስታገል የከረምኩ ሰው፣ አሁን የእናቴ እጅ እኔ ጋ ነው። ደስ አይለኝም። ጎበዝ ሆኛለሁ ግን።

ፍልሰታ በተፈታ ቀን ጎረቤታችን ግድግዳውን አንኳኩታ እንቁላል አመጣች። «ዛሬም አልበላም ካለች፣ ዋላሂ፣ ዶሮዎቹን ነው የማርዳቸው!» እያለች ገባች። እኔ ጠበስኩት። ሊያይ በመጣው ሰው ጩኸት መሐል አገላብጬ አወጣሁት። እናቴ በመስቀል ምልክት አማተበች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች። ሁላችንም አፍ አፏን አየናት። ቀስ ብላ አኘከች። ዋጠች።

«ጨው የለውም» አለች።

ጎረቤታችን «አይ አንቺ! ሦስት ዓመት ጾመሽ አሁን ጨው ታማርጪያለሽ?» አለች።

እኔ ከሳህኑ ቆርሼ ቀመስኩት።

ጨው የለውም ነበር።